በሩን ቀስ ብሎ ሲዘጋው

ቲቸር በሌላው ነገር ሁሉ እሺ ባይ ናት፤ የማትደራደርበት ነገር ቢኖር የጠዋቱ ቃል ነው። በየጠዋቱ ጠመኔዋን አንስታ ሰሌዳው መሃል አንድ ቃል ትጽፋለች፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆቿም ተራ በተራ እየተነሱ ትርጉሙን ይናገራሉ። ከመጽሐፍ የተሸመደደ ትርጉም ግን አይሠራም። "በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ!" ትላለች ጣቷን ቀስራ። "ያላየነውን አንናገርም!" ርእሰ መምህሩ "የቲቸር ችሎት" እያለ ይቀልድባታል። ይቀልድ። ልጆቹ እንደሆኑ ከእረፍት ሰዓት እኩል ነው የሚወዱት።

የዚያን ቀን ቃሉ "ክፉ" ነበር። ምን አስባ ነው ብትሉ፣ ምንም አላሰበችም። በፊተኛው ቀን "ደግ" ስለነበር ዛሬ ተቃራኒውን ልስጣቸው ብላ ነው።

አንዱ እጁን ሳያወጣ ብድግ አለ። "ክፉ ማለት ጅብ ነው!"

"አይተኸዋል?"

"አላየሁትም፣ ግን አጎቴ…"

"እንግዲያ ቁጭ በል!"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሌላዋ ተነስታ "ክፉ ማለት ይሄ ጫማዬ ነው፣ ተረከዜን ይበላኛል" አለች፤ ጫማውም ለምስክርነት ወልቆ ታየ። ከኋላ የተቀመጠው፣ ሁሉም ድብልብል የሚሉት ልጅ ደግሞ "ክፉ ማለት ወንድሜ ነው። ብስኩቱን ዙሪያውን ይልሰውና 'እንካ፣ ብላ' ይለኛል" ሲል ቲቸር ራሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ያለ ጥሩ ጠዋት ነበር።

ቀጥሎ ቁንጥሬ ተነሳች።

ቁንጥሬ የቲቸር ወንድም ልጅ ናት። ስትወለድ ከማነሷ የተነሳ ቁንጥር ታህል ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። ትምህርት የተጀመረ ዕለት ቲቸር ልጅቱን ጥግ ይዛ "ስሚ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ አክስት የለሽም። ቲቸር ነኝ። አንቺ ሳይሆን እርስዎ ነው የምትይኝ። የቤት ነገር እዚህ አይመጣም፣ የዚህም ነገር ቤት አይሄድም" ብላ አስጠንቅቃታለች። አክስቷ ስለሆነች አደላችላት እንዳይባል ነው። ልጅቱም እሺ አለች፤ እሺ ስትል ደግሞ የምሯን ነው።

"ክፉ ማለት" አለች ቁንጥሬ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ "አባዬ ሬዲዮውን ከፍ ያደርግና፣ እማዬን ይዟት መኝታ ቤት ይገባና፣ በሩን ቀስ ብሎ ሲዘጋው ነው።"

ድብልብል ወዲያው ጮኸ። "ቀስ ብሎ መዝጋትማ ጥሩ ነው! ቲቸር ናቸው ያሉት!"

ልጆቹ ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ በር ሲያላትሙ በዋሉ ቁጥር "በር ቀስ ተብሎ ነው የሚዘጋው" እየተባሉ ነው ያደጉት። ቲቸር "አይተሻል?" ብላ መጠየቅ ነበረባት፣ ሕጉ እሱ ነው። ቁንጥሬ ግን ሳትጠየቅ መለሰች።

"ውስጡን አላየሁም። በሩን ግን አይቻለሁ።"

"ጎበዝ፣ ቁጭ በይ" አለች ቲቸር። ጎበዝ! ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ገረማት። ገና ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ፤ እሷ ግን ዳስተሩን አንስታ ቃሉን አጠፋችውና ወደ ሒሳብ ገባች። ልጆቹ አጉረመረሙ። የመጀመሪያውን ድምር ራሷ ተሳሳተችው።

በእረፍት ሰዓት ሁሉም ወጥቶ ሲሮጥ ቁንጥሬ ጠረጴዛው አጠገብ መጥታ ቆመች።

"ቲቸር፣ ለአክስቴ ይነግሯታል እንዴ?"

ቲቸር መጀመሪያ አልገባትም። "ለማን?"

"ለአክስቴ። እሷ ከሰማች ለአባዬ ትነግረዋለች። እህቱ ናት እኮ።" ልጅቱ ፊት ላይ ቀልድ የሚባል ነገር የለም። "ለእርስዎ ግን መናገር ይቻላል። የዚህ ነገር ቤት አይሄድም ብለውኛል።"

ቲቸር ቁጭ ብላ ልጅቱን ማቀፍ አማራት፣ ግን አቅፋት የምታውቀው አክስቷ ናት።

"አልነግራትም" አለች።

"እሺ" አለች ቁንጥሬና ልትጫወት ሄደች።

ቲቸር ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማረች አታውቅም። ወንድሟን የሚያውቅ ሁሉ ጨዋው ነው የሚለው። መነጽር ቤት አለው። የአሮጊቶችን የላላ ብሎን በነፃ ያጠብቃል፣ ሲናገር ድምፁ ከማነሱ የተነሳ ሰው ጆሮውን ሊያስጠጋ ጎንበስ ይላል፤ እጁ ሕፃን የሚዳብስ ነው የሚመስለው። "እንዲህ ያለ ወንድም ሰጥቶሽ!" ይሏታል። እውነት ነው፣ ጭንቅ ሲይዛት መጀመሪያ የምትደውለው ለእሱ ነው። ታዲያ አንዲት ፍንጭት ሕፃን ያለችውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ማመን አለ? ልጅ አይደለች፣ አልማው ይሆናል። ባልና ሚስት ለብቻቸው ሊያወሩ ገብተው ይሆናል። ሬዲዮ ከፍ ማድረግ ደግሞ መቼ ወንጀል ሆነ!

እንዲህ እንዲህ እያለች ራሷን ስታጽናና፣ ጥርሱ ትዝ አላት።

የወንድሟ ሚስት የፊት ጥርሷ ተሸርፏል። የተሸረፈ ሰሞን እሁድ ምሳ ላይ ሁሉም ተሰብስቦ ሳለ ጨዋው ራሱ ነው ያወራው፦ "ጠርሙስ በጥርሷ ልትከፍት ስትታገል! በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሟ መክፈቻ ነው።" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ይሄው እስከ ዛሬ መክፈቻ ነው የምትባለው፤ ቲቸርም በየእሁዱ በሩን ገፍታ ስትገባ "መክፈቻ፣ አለሽልኝ?" ነው የምትላት።

አሁን ግን አንድ ነገር መጣባትና ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ጨዋው ቤት ለስላሳ መጠጥ አይገባም። ስኳር ጥርስ ያበላሻል ብሎ ድሮ ነው የከለከለው። ቢራም አይጠጣም፣ ውሃው እንኳን ከማጣሪያ ነው። ታዲያ የትኛውን ጠርሙስ ነው ስትከፍት የነበረው?

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ወደ ወንድሟ ቤት ለምን አልሄደችም ብትሉ፣ ፈርታ ነው። እናት ግን እናት ናት፣ ልጇን ትገሥጻለች ብላ አሰበች።

እማማ እንደ ወትሮዋ መስኮት ሥር ተቀምጣ ኪሮሽ ትሠራለች። ለእማማ የማይከፋ ነገር የለም። "ይሄ ክፉ ጉልበቴ!" ብላ ተቀበለቻት። ድመቷ ክፉ ናት፣ ወንበር ላይ ፀጉሯን ታራግፋለች። ደረጃው ክፉ ነው። አዲሷ ጎረቤት ክፉ ናት፣ በጠዋት ሰላም ሳትላት አለፈች። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሳይቀር ክፉ ተባለ። ቲቸር ይዛ የመጣችውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁሉም እስኪከፋ ድረስ ታገሠች።

"እማማ፣ ጨዋው ሚስቱን ይመታታል?"

ኪሮሿ ቆመች። ከዚያ ደግሞ ቀጠለች። ግን ቆማለች፤ ቲቸርም ያንን አየች።

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"ይመታታል ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ሰው ይደክመዋል" አለች እማማ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ። "ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሲመረምር ውሎ ይደክመዋል። ይናደዳል፣ ይበርድለታል። የወንድ ነገር ይሄው ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለ?"

"ጥርሷን ነው የሰበረው፣ እማማ! ይሄ ድካም አይደለም፣ ክፋት ነው።"

"ተይ!" እማማ ጮኸች። "በልጄ ላይ እንዲህ ያለ ቃል እንዳታወጪ! ተናደደ በይ። ተሳሳተ በይ። ክፉ የሚባለው ሌላ ነው።"

ቲቸር ድመቷን አየቻት። ሪሞቱን አየችው። ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር፣ እንባዋ ቀደማት እንጂ።

"እሷው ናት አይደል የነገረችሽ?" እማማ አልለቀቀችም። "መክፈቻ! አውቄያለሁ። አፏ መቼ ይዘጋል የሷ! ቆይ ለእሱ ነግሬው ባላስቆርጣት…"

"እሷ አይደለችም! እሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም! ቁንጥሬ ናት፣ ክፍል ውስጥ…"

አፏን በእጇ ያዘች። ምን ዋጋ አለው! አንዷን አድናለሁ ብላ ሌላዋን አሳልፋ ሰጠች። የጠዋቱ ቃል ኪዳኗ ገና ማታ እንኳን አልደረሰም።

"ቁንጥሬ?" አለች እማማ፣ ክሩን ጭኗ ላይ ጥላ። "ወይ ይቺ ክፉ ልጅ!"

ቲቸር ለመነቻት። ጉልበቷን ይዛ ለመነቻት። እማማም በመጨረሻ ረገብ ብላ "ደህና፣ እኔው እመክረዋለሁ። ልጅቷን አላነሳም። ሕፃን ነኝ እንዴ?" አለች። ቲቸር ያንን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች፣ እንቅልፍ ግን በዓይኗ አልዞረም። ስልኳን እያነሳች ታስቀምጣለች። ብደውልስ ምን እላለሁ? እሱ ቢያነሳውስ?

በማግስቱ የቁንጥሬ ቦታ ባዶ ነበር።

ልትዘገይ ትችላለች አለች ለራሷ። ታክሲ አጥተው ይሆናል። ሰሌዳው ላይ ቃል አልጻፈችም፤ ልጆቹ "የዛሬው ቃልስ?" ሲሏት "ዛሬ ንባብ ነው" አለች። በሩን በሰበብ በአስባቡ ታያለች። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ኮቴው ግን ያልፋል።

አንደኛው ኮቴ አላለፈም። በሩ ተንኳኳና ጨዋው ገባ፣ ሸሚዙ እንደተተኮሰ፣ ፈገግ እንዳለ።

"እታለም፣ ሥራ አስፈታሁሽ" አለ በዚያ በለስላሳ ድምፁ። "ቁንጥሬን አሟታል። ጉንፋን ቢጤ ነው። ሰሞኑን ቤት ብትቆይ ይሻላል ብዬ ላስፈቅድ ነው።"

"ሐኪም አያት?"

"እኔ አለሁ አይደል?" ከዚያ እጁን ዘርግቶ መነጽሯን ከፊቷ ላይ አነሳው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ጨርቅ አውጥቶ መስታወቱን ወለወለላት። ያለ መነጽሯ ፊቱ ብዥ ያለ ነገር ሆነባት። "ልጆችን ብዙ ቃል ታስተምሪያለሽ አሉ። ጥሩ ነው። ግን ልጅ የሰማውን ቃል የትም ያደርገዋል። እማማን እንዲህ ማስጨነቅ ምን ይባላል?" መነጽሯን መልሶ አጠለቀላት። ጣቱ ጆሮዋ ላይ ትንሽ ቆየ። "ደግሞ እሁድ እንዳትቀሪ።"

ለልጆቹ እጁን አውለበለበ። ወጣ። በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው።

ቀስ ብሎ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ተጭኖ፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ድብልብል በሩን አይቶ ቲቸርን አየ። ማንም አልሳቀም።

"ቲቸር" አለ ዝግ ብሎ፣ "እውነቷን ነው።"

ቲቸር የጎረቤቱን ክፍል መምህር "ልጆቼን እይልኝ" ብላ እግሬ አውጪኝ አለች። የት ነው የምትሄጂው ቢላት አልሰማችም። መንገዱን ስትሮጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስበው፦ ነገርኩባት፣ ነገርኩባት፣ ነገርኩባት።

የወንድሟ ቤት በር ላይ ከውጭ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ይሄ ከዚህ በፊት አልነበረም። ከውስጥ ሬዲዮ ይጮሃል፤ የሬዲዮው ሰውዬ ስለ አየር ጠባይ ያወራል። ቲቸር በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

ሬዲዮው ቀነሰ። "እሱ መነጽር ቤት ነው" አለ የሚስቱ ድምፅ ከበሩ ወዲያ። "ቁልፉም እሱ ጋ ነው። ነገ ብትመለሱ…"

"እኔ ነኝ! ደህና ናችሁ? ልጅቷ ደህና ናት?"

"እትዬ?" አለች ሚስትየው። "ደህና… ክንዷን ትንሽ… ደህና ናት። ሂጂ እባክሽ፣ ከመጣ ይብስብናል።"

"ማነው?" አለ የቁንጥሬ ድምፅ።

"አክስትሽ ናት።"

ልጅቱ ቁርጥ ባለ ድምፅ "እንዳትከፍቺላት" አለች።

ቲቸር ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። በጥፊ ብትመታ ይሻላት ነበር። ምን ልትላት ነው? ይቅርታ? ሳላስበው ነው? ይሄን ይሄንማ አባቷም ይለው የለ! እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ መንገዱ ተመለሰች። ከቤቱ ማዶ ብረት በያጅ አለ፤ መስኮትና በር ይሠራል፣ ከጨዋው ጋር ጠዋት ማታ ሰላም ይባባላል። በያጁ ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ቀና አለ።

"ያንን ጓጉንቸር ቁረጥልኝ" አለችው።

"የጨዋውን? ምነው፣ ቁልፉ ጠፋ?"

አዎ ብትል እኮ አለቀ። ቁልፍ ጠፋ፤ ጠርሙስ ስትከፍት፤ ጉንፋን ቢጤ። ቤተሰቡ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያምርበት! በያጁም ሳያንገራግር ይቆርጠዋል፣ ማንም ማንንም አያይም፣ እሁድም ምሳ ይበላል። "አዎ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ።

"አልጠፋም" አለች። "ሚስቱንና ልጁን ቆልፎባቸው ሄዷል። ልጅቷን ጎድቷታል።"

በያጁ ዙሪያውን አየ። "ተናዶ ይሆናላ። ጨዋው እኮ… በሰው ትዳር…"

"አልተናደደም። አሁን አይቼው መጣሁ፣ መነጽሬን ወልውሎልኛል።" ከበያጁ ጋር የነበሩት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያዩዋታል፣ መንገድ ላይ የሚያልፉም ቆመዋል። "ወንድሜ ነው። እህቱ ነኝ። ክፉ ነው።"

ቃሉን በሕይወት ዘመኗ ስንቴ ብላዋለች፣ ለጫማ፣ ለጉንፋን፣ ለዝናብ። እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር።

በያጁ ትንሽ አቀረቀረ። "ሬዲዮው" አለ በመጨረሻ ለራሱ ያህል። "እኔም ሬዲዮ ይወዳል እል ነበር።" መቁረጫውን ከነረጅም ገመዱ አንስቶ ቀደማት።

ብረቱ ሲቆረጥ የወጣው ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ ከቤቱ አስወጣ። ማን ለጨዋው እንደደወለለት እንጃ፣ ግን መድረሱ እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል፤ በያጁም ብረቱን ከቆረጠ በኋላ መቁረጫውን አላስቀመጠም፣ ደጃፉ ላይ ቆመ። የወንድሟ ሚስት ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ወጣች። ቲቸር "መክፈ…" ብላ ልትጠራት ነበር፣ አፏ ላይ አስቀረችው፤ እንደዚያ ደግማ አትጠራትም። ቁንጥሬ ክንዷን ወደ ደረቷ አስጠግታ ይዛዋለች፣ አብጧል። በቲቸር አጠገብ ስታልፍ አላየቻትም፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ማዶ ማዶውን ታያለች።

ሐኪም ቤት ሄዱ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ፖሊሱ "ምንድነው የሆነው?" ሲል የወንድሟ ሚስት እጇን ከአፏ ላይ አነሳችና ነገረችው። የቲቸር ስልክ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸ፤ ግማሹ እማማ ናት፣ ግማሹ እሱ። አላነሳችውም። ቢሆንም በየመንገዱ ዞር እያለች ኋላዋን ታያለች።

አመሻሽ ላይ ሁለቱን ይዛ ወደ ቤቷ ስትደርስ እናትየው ገብታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ቁንጥሬ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ክንዷ በፋሻ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቤቱን ታውቀዋለች፣ ስንት ጊዜ አድራበታለች፤ ዛሬ ግን መጋረጃውንም፣ አልጋውንም፣ ከበሩ ጀርባ ያለውንም እንደ እንግዳ ትመረምራለች።

"ግቢ እንጂ" አለቻት ቲቸር።

"ቲቸር" አለች ልጅቱ። "አክስቴ እዚህ ቤት ትኖራለች እንዴ?"

ቲቸር በሩን እንደያዘች ቆመች።

"አትኖርም" አለች።

ቁንጥሬ አሰበችበት። ከዚያ በአንድ እጇ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።